በፋሲካ ሰሞን የተቀባው ስላይድ

ሽጉጡ ሲተኩስ የጋሽ ታምራት ጣት የት ነበር? ዛሬም መልሱን አላውቀውም።

በሰው አገር፣ ሄንደርሰን በምትባል የበረሃ ከተማ ውስጥ፣ ዋተር ስትሪት ከሚባለው መንገድ ጀርባ ካለ የሽጉጥ ማስዋቢያ ሱቅ የተቀጠርኩት አርባ ዓመት አልፎኝ የማሽን ትምህርት እንደጨረስኩ ነው። በመጀመሪያው ቀን አለቃዬ ሬይ አንድ ስላይድ መዳፌ ላይ አስቀመጠ። ስላይድ ማለት ሽጉጥ ሲተኮስ ወደኋላ ሄዶ የሚመለሰው የላይኛው ብረት ነው። «ደንበኛው የሚያየው ውጪውን ነው፤ አንቺ ውስጡን እዪ» አለኝ።

ሥራችን ስላይዱን መቅረጽና መቀባት ነበር። ከመቀባታችን በፊት፣ ጥይቱን የሚመታው መርፌ የሚመላለስበትን ቀዳዳ በጎማ ውታፍ እንደፍናለን። ቀለም ከገባበት መርፌው ወደፊት እንደወጣ ይጣበቃል፤ ያኔ ጣት ምላጩን ሳይስብ፣ ስላይዱ ሲዘጋ ብቻ ሊተኩስ ይችላል። በመጨረሻ ባሩድ በሌለው የመለማመጃ ጥይት ቼክ እናደርጋለን። እኔ ደጋግሜ ስለማደርገው ሬይ «ፕሮፌሰር» እያለ ያሾፍብኝ ነበር።

ደንበኛችን ጋሽ ታምራት ሃሪ ሪድ በሚባለው ኤርፖርት የመንገደኛ ዊልቸር ይገፋሉ። በዕረፍታቸው ቀን ከሺፍት ጓደኞቻቸው ጋር በረሃ ወጥተው ኢላማ ይተኩሳሉ። ስላይዳቸውን ወርቅማ እንድናደርግላቸው አመጡት።

«ጋሼ፣ የታቦት ጃንጥላ ሊያስመስሉት ነው እንዴ?»

«አሸዋ ላይ ቢወድቅብኝ እንዲያበራልኝ ነዋ! ደግሞ አንቺ ቀቢው፤ ፈረንጁ ይቸኩላል።»

ፋሲካ ደረሰና ፈቃድ ወጣሁ። ስመለስ ሬይ ራሱ ቀብቶ፣ ለሚደርሰው አደጋ ሱቁ አይጠየቅም የሚለውን ወረቀት አስፈርሞ አስረክቧቸዋል። «ቼክ ተደርጓል?» አልኩት። «አዎ» አለኝ። አመንኩት።

አንድ ቅዳሜ ጧት ጋሽ ታምራት ወደ በረሃ ሊወጡ ቤታቸው ውስጥ ሽጉጡን ሲያጎርሱ ተኮሰ። ባለቤታቸው እትዬ ዘነበች ጉልበታቸውን ተመቱ። ኤርፖርት የመንገደኛ ዊልቸር ሲገፉ የሚውሉት ሰው፣ ቤታቸው ሲገቡ የሚስታቸውን መግፋት ጀመሩ።

ፖሊስ አደጋ ነው ብሎ ጉዳዩን ዘጋ። የቤተ ክርስቲያን ሰዎች ሊያጽናኗቸው ሄደው «መሣሪያ ባዶውንም ቢሆን ሰይጣን ያጎርሰዋል» ሲሏቸው «ሰይጣኑ እኔ ነኝ» ይሉ ነበር።

ፖሊስ ሽጉጡን ሲመልስላቸው ሱቅ አመጡት። «ቤቴ እንዳላየው። ቆራርጡት» ብለው ጠረጴዛው ላይ ትተውት ሄዱ።

ፈታሁት። የመርፌው ቀዳዳ ውስጥ ወርቅማ ቀለም ነበር። መልሼ ገጥሜ የመለማመጃ ጥይት አጎረስኩና፣ ምላጩን ሳልነካ ስላይዱን ለቀቅኩት። ጥይቱ ቂጥ ላይ የመርፌ ምልክት ወጣ። ደገምኩት፤ እንደገና ወጣ።

ለሬይ አሳየሁት።

«ሰውዬው ፈርሟል» አለ። «አፈሙዙን ወደ ሚስቱ ያዞርኩት እኔ አይደለሁም። ይህን ከተናገርሽ ሱቁ ይዘጋል፤ እኔም አንቺም ጎዳና ነን።»

ስለ አፈሙዙ እውነቱን ነው። አንድ ሰው እጁ ላይ ያለውን ሽጉጥ ወደ ሰው አያዞርም። ምላጭ ሳይነካ መተኮሱ ግን የማን ጥፋት ነው? ይህን ስጠይቀው ጥሎኝ ወጣ። ስላይዱንና ምልክት የወጣበትን ጥይት መሳቢያዬ ውስጥ አስገብቼ ቆለፍኩ። የልጆቼን የትምህርት ቤት ክፍያ እያሰብኩ፣ ለጋሽ ታምራት ሳልናገር ብዙ ወራት አሳለፍኩ።

አንድ እሑድ ከቅዳሴ ስንወጣ የእትዬ ዘነበችን ዊልቸር እየገፋሁ ነበር።

«ምነው ያለ ጋሼ ብቻዎን?» አልኳቸው።

«መኪናው ውስጥ ተቀምጧል። አሁንማ ከእኔ ጋር አንድ ትሪ አይቀርብም፤ ‹አይገባኝም› ይለኛል። ይኸው ስንት ጊዜ ብቻዬን ጎረስኩ፣ ልጄ! ጉልበቴ ሳይሆን የገደለኝ ይኼ ነው።»

በማግስቱ ሬይን «ልነግራቸው ነው» አልኩት። አልከለከለኝም። «መሣሪያዎችሽን ይዘሽ ውጪ» ብቻ አለኝ።

ስላይዱንና ጥይቱን ይዤ ቤታቸው ሄድኩ። ጋሽ ታምራት ፊት አስቀምጬ ያየሁትን ሁሉ ነገርኳቸው። ምልክቱን በአውራ ጣታቸው ደጋግመው ዳሰሱት።

«አፈሙዙ ግን እኔ እጅ ነበር» አሉ።

«አዎ ጋሼ። አፈሙዙ የእርስዎ ነው። መርፌው ግን የእኛ ነው።»

ጥይቱን መዳፌ ላይ መለሱልኝና ፊታቸውን አዞሩ።

«ለእሷ አንቺ ንገሪልኝ። ከእኔ አፍ ከወጣ ማምለጫ ይመስልብኛል።»

እትዬ ዘነበች ወዳሉበት ክፍል ገብቼ ከመጀመሪያው ጀምሬ ነገርኳቸው።

ለሙያው ሰዎች የምለው ይህን ነው፦ የተፈረመ ወረቀት ስላይድ አይፈትሽም። ጉድለት ያገኘ ሠራተኛ ለአለቃው ብቻ ነግሮ አያብቃ፤ የመሣሪያው ባለቤትም በዚያው ቀን ይስማ።