ጭቃ አምባ ይዤ ወደ ሌክ ሲቲ

ከዋይት ሴንተር፣ ጠዋት

ቅዳሜ ጠዋት ገደል ታቅፌ ከቤት ወጣሁ። ገደሉ ከጭቃና ከወረቀት የሠራሁት ሲሆን ቁመቱ እስከ ጉልበቴ ይደርሳል፤ በሙዝ ካርቶን አድርጌዋለሁ። በክንዴ ባንጠለጠልኩት ከረጢት ደግሞ የጫማ ሳጥን አለ፤ ውስጡ በጥጥ የተጠቀለሉ የሸክላ ወታደሮች ተደርድረዋል።

የምሄደው በሲያትል ሰሜን ጫፍ ወዳለው ሌክ ሲቲ፣ የሥራ ባልደረባዬ የማንዳር አባት ዘንድ ነው። ሽማግሌው ከህንድ፣ ከፑኔ አካባቢ ልጃቸውን ሊጠይቁ የመጡ ናቸው። ቤተሰቡ አጆባ ይላቸዋል፤ በቋንቋቸው አያት ማለት ነው። በእነሱ አገር የዲዋሊ በዓል ሲደርስ ልጆች በየደጃቸው ከጭቃ አምባ ይሠራሉ። አጆባም ለልጅ ልጃቸው ለኢራ፣ ከትውልድ መንደራቸው በላይ ያለውን ሲንሃጋድ የሚባል አምባ ሊሠሩላት ፈለጉ፤ እጃቸው ግን ይንቀጠቀጣል። እኔ ሞዴል መሥራት በራሴ የተማርኩ ስለሆነ ማንዳር ለመነኝ። ከበዓሉ በኋላ አጆባ ወደ አገራቸው ይመለሳሉ፤ ሐኪማቸውም ከዚህ በኋላ ረጅም በረራ ከልክሏቸዋል። ኢራ በአምባው ፊት ተቀምጣ ታሪኩን ከአፋቸው የምትሰማው ዘንድሮ ብቻ ነው።

ችግሩ፣ የማንዳር ሚስት ካቪታ አምባው ሳሎን እንዲገባ አልፈቀደችም። ምንጣፉ ይበላሻል፣ በረንዳ ላይ ይሁን ብላለች። የሲያትል የጥቅምት ዝናብ ደግሞ ጭቃውን እስከ በዓሉ አያቆየውም።

በ120 ቁጥር አውቶቡስ ወደ መሀል ከተማ ስሄድ ታሪኩን ለራሴ ደገምኩት። ከሦስት መቶ ሃምሳ ዓመት ገደማ በፊት ነው። አምባውን የሰሜን ህንድ ገዢዎች የነበሩት ሙጋሎች ይዘውታል። የአጆባ ወገኖች የማራታዎቹ የጦር አዛዥ ልጁን ሊድር ሲሰናዳ፣ የራሱ ንጉሥ አምባውን እንደሚፈልግ ሰማና ሠርጉን አቆይቶ ዘመተ። በሌሊት፣ ሰው አይወጣበትም በተባለው ገደል በኩል ሰዎቹ በገመድ ወጡ። አዛዡ ሞተ፣ አምባው ተያዘ። እስከዚህ ገብቶኛል። ግራ የሚያጋባኝ የቀረው ነው። አንዱ ጽሑፍ ገመዱ ገደሉ ላይ የወጣው በአርጃኖ ወገብ ታስሮ ነው ይላል፤ ሌላው ይህ ተረት ነው ይላል። አርጃኖውን ሠርቼ አፈረስኩት፤ ቆይቼ እንደገና ሠራሁት።

ቼሪ መንገድ

ከመሀል ከተማ በ3 ቁጥር ወደ ሴንትራል ዲስትሪክት ወጣሁ። የአበሻ ቅመም የሚሸጡት እትዬ ዘሃራ ሱቃቸው በር ላይ ካርቶኑን አዩት።

"ምንድነው እሱ፣ ሙዝ ነው?"

"ገደል ነው፣ እትዬ።"

"ጉድ ነው። ሰው አሜሪካ መጥቶ ቤት ይገዛል፣ አንተ ገደል ገዛህ።"

ፌጦ እንደምፈልግ ነገርኳቸው።

"ሆድህን አሞህ ነው?"

"አይደለም። ጭቃ ላይ ሊዘራ ነው፣ ሣር እንዲመስል።" አጆባ በአገራቸው አምባው ላይ የሚዘሩት ዘር ይኸው ፌጦ ነው።

"ፌጦ ለሣር? ለቡዳ ነው ብትለኝ ይገባኝ ነበር።" ፌጦውን እየሰፈሩ ስለ አምባው ጠየቁኝ፤ ጦርነቱን በአጭሩ አጫወትኳቸው። "ሶ፣ ላይ ያሉት እስላም ናቸው?"

"የሙጋሉ ንጉሥ እስላም ነው። አምባውን የሚጠብቅለት አዛዥ ግን ሂንዱ ነው፣ ራጅፑት የሚባሉት ወገን።"

"ከታች የሚወጡትስ?"

"እነሱም ሂንዱ ናቸው።"

"ኦኬ፣ ግራ አጋባኸኝ። አራት ዶላር።"

ሌክ ሲቲ

ወደ መሀል ከተማ ተመልሼ በ41 ቁጥር ሌክ ሲቲ ስደርስ ያካፋ ነበር። ማንዳር ሥራ ላይ ነው። አጆባ ካፖርታቸውን ደርበው በረንዳው ላይ ይጠብቁኛል፤ ኢራም ከአጠገባቸው ተኮራምታለች። ከልጅቷ ጋር ሁላችንም የምናወራው በእንግሊዝኛ ነው።

አጆባ ገደሉን በጣታቸው ዳበሱት። "ልክ ነው። እውነተኛውም እዚህ ጋ ይሰበራል።" የሚወጡትን ሰዎች አንድ በአንድ በገመዱ ላይ አሰናዳሁ። አንዱ ገመዱን በጥርሱ ነክሷል፣ አንዱ ቁልቁል አይቶ ፈርቷል፣ አንዱ በላዩ ያለውን ሰው እግር ይሳደባል። አጆባ ሳቁ። ጠባቂዎቹን ግንቡ ላይ ደረደርኳቸውና እሳቸው ታሪኩን ጀመሩ።

ካቪታ ጠመዝማዛ የዱቄት ጥብስ በሳህን ይዛ መጣች። ሳህኑን አስቀምጣ ከግንቡ ላይ አንዱን ጠባቂ አነሣች። ሌላም አነሣች።

"እነዚህ ፊት የላቸውም" አለች።

"መጻሕፍቱ ስለነሱ ብዙም አይሉም" አልኳት።

"የእኔ ወገኖች ናቸው። እኔ ራጅፑት ነኝ።"

ይህን አላውቅም ነበር።

"አባባ" አለች ወደ አማቷ ዞራ፣ "ካገባሁ ጀምሮ በየዲዋሊው ይህን ታሪክ በስልክ እሰማለሁ። በየዓመቱ እንሸነፋለን። ዘንድሮ ደግሞ በረንዳዬ ድረስ መጣችሁ።"

"ልጄ፣ እኔ የማወራው ስለ ጀግና ነው። ያንቺም ሰው ጀግና ነበር፤ ሁለቱም አዛዦች እዚያው ወደቁ።"

"እሱን አንድ ጊዜም አልተናገሩም።"

ዝናቡ ጠነከረ። ግንቡ ጥግ ላይ ጭቃው መውረድ ጀምሯል። ኢራ በእጇ ጋረደችውና "አጆባ" አለች፣ "የታች አዛዡ ልጅ ሊያገባ ነበር። የላይኛውስ ልጅ ነበረው?"

አጆባ አሰቡ። ሁሉን መላሽ ሆነው ነው የማውቃቸው። "አላውቅም" አሉ።

"እማ፣ አንቺስ?"

"እኔም አላውቅም። እኛ ቤት ይህን ታሪክ የሚያወራው የለም።"

አጆባ ፊት የለሹን ወታደር አንሥተው ለካቪታ ሰጧት። "አንቺ ሥሪለት" አሉ።

ካቪታ ወደ እኔ አየች። "ምን ዓይነት ፊት ይሁን?" አልኳት።

"ሌሊት ነው አይደል? ተኝተው ነበር። ገና የባነነ ሰው ፊት።"

ገብታ መታጠቢያ ቤት የነበረውን የላስቲክ መጋረጃ አመጣችና ሳሎኑ መሀል አነጠፈችው። "ምንጣፉ ከተበላሸ ማንዳር ያጥበዋል" አለች። አምባውን ለሦስት ይዘን አስገባን። ኢራ ፌጦውን ዘራች። ካቪታና እኔ የጠባቂዎቹን ፊት ልንቀርጽ ጥርስ መፋቂያ ስንጥር ይዘን ተቀመጥን። አጆባ ታሪኩን እንደገና ጀመሩ፣ ግን ከሠርጉ አልጀመሩም። "አምባው ላይ" አሉ ቀስ ብለው፣ "ሰዎች ተኝተው ነበር።"

ወደ ቤት

ዋይት ሴንተር ስደርስ መሽቶ ነበር። በዚህ ጉዞ ስለ አርጃኖውም ሆነ ስለ ገመዱ አጣርቼ እመለሳለሁ ብዬ ነበር፤ አላጣራሁም። ለማን ማዘን እንዳለብኝም አላወቅሁም። ልጁን ሳይድር ለሞተው አዝኛለሁ፤ ተኝቶ ሳለ ገደሉ ሰው ለወለደበትም አዝኛለሁ። የተማርኩት ነገር ቢኖር፣ የገደሉን ስብራት ለማስተካከል ሳምንታት ስደክም ከላዩ ማን እንዳለ አለመጠየቄን ነው።

የጫማ ሳጥኑን ስከፍት ጥጡ ውስጥ አንድ ጠባቂ ተሸሽጎ ቀርቷል። ምን ሰምቶ እንደባነነ፣ አፉ ክፍት ይሁን ዝግ፣ አላውቅም። ጠረጴዛዬ ላይ አቆምኩትና በስንጥር ዓይኖቹን ከፈትኩለት።