ለዩኒቨርሲቲ የጠራሁት ዋጋ

ሱቄ ስንት እንደሚያወጣ ብዙ ሰው ጠይቆኛል። ለአከራዬ «ልዘጋው ነው» እላለሁ። ቸርች ለምስክርነት ስቆም ደግሞ «ጌታ አብዝቶልኛል» እላለሁ። ሁለቱም ውሸት አይደለም፤ እንደ ወሩ ነው።

ባለፈው ዓመት ግን ጥያቄው ከልጄ ላፕቶፕ መጣ። ዳላስ ባለችው ሱቄ፣ በርበሬና ሽሮ የምንመዝንበት ባንኮኒ ላይ ተቀምጠን የኮሌጅ ክፍያ እርዳታ ፎርም እየሞላን ነበር። የገቢዬን ነገር ፎርሙ ራሱ ከታክስ መዝገብ አመጣው። ቀጥሎ ግን ልጄ ቆም አለች።

«አባዬ፣ ቢዝነሱ ስንት ያወጣል? ዕዳው ተቀንሶ።»

ዞር ብዬ መደርደሪያውን አየሁት። የሰርግ ቀሚሶቹን አየሁ፣ እስከ ጣራ የተደረደሩትን ሻንጣዎች አየሁ።

«ሁለት መቶ ሺ ዶላር በዪ።»

«ሲሪየስ ነህ?»

«አንቺ ጻፊ። እነሱ ያወርዱታል።»

ያደግኩት መርካቶ ነው። እዚያ ሻጭ ከፍ አድርጎ ይጠራል፣ ገዢ ያወርዳል፣ መሀል ላይ ይገናኛሉ። እውነተኛውን ዋጋ መጀመሪያ የሚናገር ሰው አላየሁም። ደግሞም ደህና ንግድ ያለው ሰው ልጅ ስትሆን ያከብሯታል ብዬ ነበር። ፎርም እንደማይከራከር ማን ይነግረኛል?

በማርች መልሱ መጣ። ብድር ብቻ። ነፃ እርዳታ የሚለው ቦታ ላይ ዜሮ። ነርሲንግ የተቀበላት ይኼው ዩኒቨርሲቲ ብቻ ነበር። ብትጮህብኝ በተሻለኝ፤ ላፕቶፑን ዘጋችና የመጋዘን ሥራ መፈለግ ጀመረች። እሱ ከነከነኝ።

«ተነሺ፣ እንሂድ» አልኳት።

«የት?»

«ልንከራከር ነዋ!»

ዩኒቨርሲቲው ያለበት ፎርት ዎርዝ እስክንደርስ ለመነችኝ። «ፕሊስ አባዬ፣ እዛ ሰው ዋጋ አይከራከርም። ኢምባራስ ታደርገኛለህ።»

የእርዳታ ቢሮዋ ሴትዮ መነጽሯን በሰንሰለት አንገቷ ላይ ያንጠለጠለች፣ ረጋ ያለች ናት። በዚያው በተሰባበረው እንግሊዝኛዬ «ይኼ መጨረሻችሁ ነው?» አልኳት።

«የምን መጨረሻ?»

«የመጨረሻ ዋጋችሁ።»

ልጄ ጠረጴዛው ሥር ልትገባ ምንም አልቀራት። ሴትየዋ ግን ሳትስቅ፣ ሒሳቡ የተሠራው እኔ በሰጠሁት ቁጥር እንደሆነ፣ ንብረት ሲበዛ ነፃ እርዳታው እንደሚቀንስ፣ ቁጥሩ ከተሳሳተ ማረም እንደሚቻል አስረዳችኝ። እኔ ለማረም አልመጣሁም። አንድ ዘዴ ቀርቶኛል፤ ጥሎ መሄድ። ገዢ ጥሎ ሲሄድ አሥር እርምጃ ሳይሞላ ይጠሩታል።

«እንግዲህ አልተስማማንም» ብዬ ተነሳሁ። ቀስ ብዬ ተራመድኩ። በሩ ጋ ጎንበስ ብዬ የጫማዬን ክር አሰርኩ። ጫማው ክር የለውም። ማንም አልጠራኝም። ኮሪደሩ አለቀ፣ ፓርኪንጉ ደረሰ። መኪና ውስጥ ገብቼ መስኮቱን ዝቅ አደረግኩ፤ ምናልባት ከሩቅ ቢጣሩ።

ከሀያ ደቂቃ በኋላ ልጄ ብቻዋን መጣች።

«ስንት አሉ?»

«እነሱ ምንም አላሉም። እኔ ነኝ ያልኩት። ሻንጣዎቹ ሦስት ዓመት አልተሸጡም አልኳት። ቀሚሶቹን በስንት እንደገዛሃቸው ነገርኳት። ደረሰኞቹን ከስልኬ አሳየኋት።»

«የገዛሁበትን ዋጋ?!»

«የስ።»

«ለማታውቂያት ሰው?»

ስልኳን ዘረጋችልኝ። የታረመው ቁጥር ሠላሳ አንድ ሺ ይላል። ሥሩ ላይ የእኔ ፊርማ ይጠበቃል። ይህን ቁጥር ከራሴ በስተቀር የሚያውቀው ሰው ያለ አይመስለኝም ነበር። እሷ ግን ከስምንት ዓመቷ ጀምሮ ባንኮኒው ኋላ ቆማለች።

«አርባ አድርጊው። ለክብር።»

«አባዬ!»

ፈረምኩ።

አዲሱ ደብዳቤ ሲመጣ ነፃ እርዳታው አብዛኛውን ክፍያ ሸፍኖ ነበር። ልጄ ነርሲንግ ተመዘገበች። ሚስቴ በደስታ እልል ብላ ስታበቃ ወደ እኔ ዞረች።

«እንዴት አድርገህ አስቀነስካቸው?»

«ጥያቸው ወጣኋ» አልኳት።

ልጄ ሶፋው ላይ ሆና ቀና ብላ አየችኝ። ከዚያ ትራሱን አነሳችና ወረወረችብኝ።