አረፋ የሌለው ቅባት

ታናሽ እህቴ ከጅዳ ስትመለስ ሻንጣዋን ያከበደው ልብስ ሳይሆን ጠርሙስ ነበር። ከሳዑዲ ብዙ ሰው ተጠራርጎ የመጣበት ዓመት ነው፤ የለበሰውን ብቻ ይዞ የገባ አለ። እሷ ግን ሦስት ወፋፍራም የፕላስቲክ ጠርሙሶች በሹራብ ጠቅልላ፣ እንደ እንቁላል እየተጠነቀቀች ጭሮ ድረስ አድርሳቸዋለች። እናታችን ምን እንደሆነ ለማየት አንዱን ብታነሳ «እማዬ፣ እሱን ተዪው» ብላ ከእጇ ተቀበለቻት። እኔ የሴቶች ፀጉር ቤት ያለኝ ሰው ነኝ። ለፀጉር የመጣ ነገር ከእኔ ተደብቆ እዚያው ቤታችን ሲቀመጥ ደስ አላለኝምና አኮረፍኩ። ኩርፊያዬ ደግሞ በሰፈር የታወቀ ነው።

ሌላው ነገር ሻሿ ነበር። ቤት ውስጥም ቤተ ክርስቲያንም ግንባሯ ድረስ ጠምጥማው አታወልቀውም። እኛ ጴንጤዎች ነን። ከጸሎት ቡድኑ አንዲት ሴትዮ እናቴን ወደ ጥግ ወስደው «ልጅቷ እዚያ ሰልማ ይሆን እንዴ? እንጸልይላት?» አሏት። እናቴ ሳቋን ዋጥ አድርጋ «ብርዱ ነው» አለቻቸው። ጭሮ እውነትም ጠዋት ጠዋት ጉም ወርዶ ይበርዳል፤ ግን ያን ያህል አይበርድም።

ከሁላችን ይልቅ የተጨነቀው ሂርና ያለው እጮኛዋ ነበር። የእንስሳት መድኃኒት የሚሸጥ፣ ድምፁን ከፍ አድርጎ የማያውቅ ልጅ ነው። ከመሄዷ በፊት ቀለበት አስሮላት፣ እዚያ በቆየችበት ጊዜ ሁሉ ጠብቋታል። ከሂርና ጭሮ ሚኒባስ ቀኑን ሙሉ ይመላለሳል፤ እሷ ግን ልምጣ ባላት ቁጥር «የሚቀጥለው ሳምንት ይሻላል» ትለዋለች። ሳምንቱ ሲደርስ ሌላ ሳምንት ትቀጥረዋለች።

አንድ ቀን ጠዋት ደንበኛ ሳይገባ ፀጉር ቤቴ መጣች። በሩን ከውስጥ ቀርቅራ መስታወቱ ፊት ተቀመጠችና ሻሿን ፈታችው። እኔ ስንት ራስ ያየሁ ሰው ደነገጥኩ። ድሮ ሹሩባ ስሠራላት እጄን የሚያደክመኝ ፀጉር ከፊት ሸሽቶ፣ መሐሉ ላይ ቦታ ቦታውን ተመልጧል። የቀረው ከቆዳዋ ጋር ተጣብቆ፣ ሥሩ ላይ ነጭ ቅርፊት ጋግሯል። ልነካት ስል ራሷን አሸሸች።

«ይኼን ራስ ይዤ ቬሎ አልለብስም» አለችኝ። «እታለም፣ ቀለበቱን አንቺ መልሺለት። እኔ ፊቱን አይቼ መመለስ አልችልም።»

አልጮኽኩባትም። መጮኽ የሚቀናኝ ሰው ነኝ፣ ያን ቀን ግን ወንበር ስቤ አጠገቧ ተቀመጥኩ። ምን እንደምትቀባው ብቻ ጠየቅኋት።

የነገረችኝ ይህን ነው። የምትሠራላቸው ማዳም ፀጉራቸው ወገባቸው ላይ የሚወርድ ነበር። መታጠቢያ ቤቱን የምታጸዳው እሷ ስትሆን፣ መደርደሪያው ላይ ሻምፖ የሚባል ነገር አይታ አታውቅም፤ ያሉት እነዚህ ጠርሙሶች ብቻ ናቸው። ማዳም በራቸውን ዘግተው ስለሚገቡ ሲጠቀሙበት አላየችም። የራሷ ፀጉር መነቃቀል ሲጀምር እነዚያኑ ጠርሙሶች ገዛች። ከፈተችው፤ ነጭ፣ ለስላሳ፣ ወፍራም። ብታሸው አረፋ የለውም። ስለዚህ ራሷን ተቀባችና በሻሽ አሰረችው። ሲደርቅባት ደግሞ በላዩ ጨመረች።

እኔም ብሆን ያንኑ አደርግ ነበር። ነጭና ለስላሳ ነገር ለራስ ሲመጣ እኛ የምናውቀው አንድ ነገር ነው። ቅቤ ተለቅልቀን፣ በጨርቅ ታስረን፣ አንገታችን ላይ እየቀለጠ ሲወርድ ያደግን ልጆች ነን። ቅቤ ተቀብቶ ወዲያው የሚታጠብ ሰው ቢኖር እብድ ይባላል። አረፋ የሌለው ነገር ያጥባል ብሎስ ማን ይጠረጥራል?

ጠርሙሶቹን አምጪ አልኳት። መስታወቱ ሥር ደረደርኳቸውና ጀርባቸውን ማንበብ ጀመርኩ። እንግሊዝኛዬ እዚህ ግባ የሚባል አይደለም፤ አንዲት ቃል ግን ከእናቴ ስም እኩል አውቃታለሁ። ፀጉር የምናቀናበት ሪላክሰር ካርቶን ላይ ያለችው፣ በደንብ አለቅልቁ የምትለዋ። እሷን የረሳ ፀጉር ሠሪ ደንበኛውን ያቃጥላል። ሦስቱም ላይ አለች! አንዱ ላይማ በትልቁ ተጽፋለች። የያዝነው ቅባት ሳይሆን መታጠቢያ ነበር። በሻምፖ ፈንታ የሚታጠቡበት ኮንዲሽነር፤ ማዳም ቤት ሻምፖ የጠፋው ለዚህ ኖሯል። እህቴ ሳሙናውን ሳታለቀልቅ ወራት ሙሉ ተሸክማው ኖራለች።

የዚያን ጊዜ ነው ልክፍቱ የያዘኝ። አረፋ ሳይኖረው በምኑ ነው የሚያጥበው? የራሴን ሻምፖ አጠገባቸው አቆምኩና የተሠሩበትን ነገር አንድ በአንድ ማወዳደር ያዝኩ። ደንበኛ ማድረቂያው ካስክ ውስጥ ፀጉሯ እስኪደርቅላት እኔ ስልኬን ይዤ ኔትወርክ አሳድዳለሁ። ዝርዝሩ በዘፈቀደ የተጻፈ ይመስለኝ ነበር፤ ለካ ብዙ የገባው ከላይ፣ ጥቂት የገባው ከታች ነው የሚጻፈው። የሁሉም መጀመሪያ ውሃ ነው። ሳቄ መጣ። እኛ ጭሮ ላይ በጀሪካን ተሰልፈን የምንቀዳውን ውሃ ልጅቷ ከጅዳ ተሸክማልን መጥታለች።

ከውሃ ቀጥሎ ነው መንገዳቸው የሚለያየው። በሻምፖዬ ላይ ሁለተኛው ሎሬት ሰልፌት የሚሉት ነው፤ ያን ሁሉ አረፋ የሚያወጣው እሱ ነው። በእህቴ ጠርሙሶች ላይ ከላይ እስከ ታች ብፈልገው የለም። በሱ ቦታ የተቀመጠው ሴቲሪል አልኮል ይባላል። ይህችን ቃል ጮክ ብዬ ሳነብ እናቴ በር ላይ ደርሳ ኖሮ «በኢየሱስ ስም! መጠጥ ነው የተቀባችው?» አለች። የሚያሰክር ሳይሆን እንደ ሰም ያለ የቅባት ዘር መሆኑን አንብቤ እስካስረዳት ድረስ ጠርሙሶቹን በዓይኗ ስትገሥጻቸው ዋለች።

ከሱ በታች አፌ እስኪጣመም የተለማመድኩት ቤሄንትሪሞኒየም ክሎራይድ አለ። ሥራውን ሳነብ እጄን አፌ ላይ ጫንኩ። አንዱ ጫፉ ውሃ ይወዳል፣ ሌላው ጫፉ ቅባት ይወዳል። ያረጀውንና የቆሸሸውን ቅባት በአንድ በኩል ይይዝና፣ ውሃ ሲመጣ በሌላው በኩል ተጎትቶ ይሄዳል። ከራሱም ጥቂት ፀጉሩ ላይ ትቶ ያለሰልሰዋል። አባታችን ሚኤሶ የከባድ መኪና መካኒክ ሳለ ግራሶ የጠጣ እጁን መጀመሪያ በምግብ ዘይት ሲያሽ አይቻለሁ፤ ዘይት አባከንክ እያለች እናቴ ትቆጣው ነበር። እሾህን በእሾህ ማለት ይኼ ነው። በዓይን በማይታይ ነገር ላይ ሁለት ጫፍ ያበጀ፣ እያንዳንዱንም የሚወደውን ያሳወቀ አምላክ ምንኛ ድንቅ ነው! እዚያው ጠርሙሱን እንደያዝኩ አመሰገንኩት። ግን ደግሞ ገባኝ፤ ውሃው ካልመጣ ምንም ነገር አይሄድም። የያዘውን እንደያዘ እዚያው ይቀመጣል። እህቴ ራስ ላይ ተጋግሮ ያሳከካትና ያቆሰላት ይህ ነበር።

ሦስቱም አንድ አልነበሩም። አንዱ ሜንቶል አለበት፤ ለጤነኛ ራስ ደስ የሚል ቅዝቃዜ ነው፣ ለቆሰለ ቆዳ ግን በርበሬ ነውና ወደ ጎን አደረግኩት። ሁለተኛው ሲሊኮን ይበዛበታል፤ ፀጉሩን እያብረቀረቀ ይሸፍነዋል፣ ለእኛ ደግሞ ሽፋን በቅቶናል። ሦስተኛው ዝርዝሩ አጭር ነው። ውሃ፣ ቅባቱ፣ ያ ባለ ሁለት ጫፉ፣ ግሊሰሪን፣ ትንሽ ሽታ። እሱን መረጥኩ።

የተጋገረውን መጀመሪያ የሚያነሳልኝ ነገር ግን ቸገረኝ። ሻምፖዬን እንዳልሞክር ቆዳዋ ያሳዝናል። ይህን ለአንዲት የሚኤሶ ደንበኛዬ ሳወራላት «አብሽሪ፣ ቀሲል አመጣልሻለሁ» አለችኝና በሚቀጥለው ስትመጣ በፌስታል አረንጓዴ ዱቄት ይዛልኝ መጣች። የቁርቁራ ቅጠል ነው፤ ደርቆ የተፈጨ። እነሱ ፊታቸውንም ፀጉራቸውንም የሚታጠቡበት ነው። በውሃ ብመታው አረፋ አወጣ! ሳሙና ያልነካው ቅጠል። በዚያ ላይ እጄን ሳለቀልቅ ለስልሷል። ፋብሪካው በአንድ ጠርሙስ ያን ሁሉ ስም ደርድሮ የሚሠራውን፣ ሚኤሶ በረሃ የቆመ እሾሃም ዛፍ ዝርዝር ሳይለጥፍ ይሠራዋል። ሁለቱንም አጠገብ ላጠገብ አስቀምጬ ሳያቸው የትኛው ይበልጥ እንደሚደንቅ መወሰን አቃተኝ።

እህቴን በዚያ ቅጠል አጠብኳት። ቅርፊቱ እየተነሳ ወረደ፤ የረገፈ ፀጉርም አብሮ ወረደ። እሷ ሳፋውን እንዳታይ አንገቷን ቀና አድርጌ ያዝኩት። ከዚያ በኋላ በየጊዜው በሩን ዘግቼ በዚያ በመረጥኩት ክሬም አጥባታለሁ፤ አሽቼ፣ ትንሽ አቆይቼ፣ ውሃው ጠርቶ እስኪወርድ አለቀልቃለሁ። ቁስሉ ደረቀ። አንድ ቀን ጣቶቼ መሐል እንደ ኮክ ቆዳ ያለ ነገር ተሰማኝ። ብቅል የመሰለ አዲስ ፀጉር ነው። አለቀስኩ። ለምን እንደመለጠች ሁሉንም አላውቅም፤ የሰው ቤት ሥራውም፣ እንቅልፍ ማጣቱም፣ ያልነገረችኝም ነገር ይኖርበታል። ፀጉሩ ግን እየመጣ ነበር።

እሷ አልተጽናናችም። «ለሰው የሚታይ አይደለም» ትላለች። እኔም ቀለበቱን ልመልስ አልደፈርኩም፤ ሂርናም መልስ አልሄደም።

እጮኛዋ ሳይነግረን መጣ። እህቴ አንገቷን ወደ ኋላ ሳፋው ላይ ጥላ፣ ዓይኗን ጨፍና፣ ራሷ በነጩ ክሬም ተሞልቷል። በሩን መቀርቀር ረስቻለሁ። መጋረጃው ላይ «ሰላም ለዚህ ቤት» የሚል ድምፅ ሰማን። ለመነሳት ተፍጨረጨረች፤ ዓይኗ ውስጥ እንዳይገባ ትከሻዋን ይዤ መልሼ አስተኛኋት።

«ነገ ይምጣ በይው» አለችኝ በሹክሹክታ።

«ነገ አልመጣም» አለ እሱ ከመጋረጃው ወዲያ። ሰምቷታል። «ሐሳብሽ ከተለወጠ አሁን ንገሪኝና ልሂድ። መጥፎ አልናገርም።»

ሁለቱም እጄ ፀጉሯ ውስጥ ነው፣ ጆጉ ደግሞ ባልዲው አጠገብ ነው፣ ያ ነገር ደግሞ ራሷ ላይ መክረም የለበትም።

«ግባ» አልኩት። «ግባና ውሃ አፍስስልን።»

እህቴ ክንዴን ቆነጠጠችኝ፤ አሳመመኝ። እሱ ወንድ የማይገባበት ቤት ውስጥ መሆኑን ያወቀ ሰው ሆኖ፣ በእግሩ ጫፍ እየረገጠ ገባ። አያት። የተመለጠውን፣ የደረቀውን ቁስል፣ ብቅ ብቅ ያለውን ሁሉ አየ። እኔ ፊቱን እጠብቃለሁ፤ ቅንጣት መጸየፍ ባይበት ሳፋውን ከነውሃው ልደፋበት ቆርጫለሁ። እሱ ግን እጅጌውን ሰበሰበ። ከባልዲው ቀዳ፣ እንዳያቃጥላት በክንዱ የውስጥ በኩል ሞከረው፣ ከዚያ ከግንባሯ ጀምሮ አፈሰሰ።

ነጩ እየሳሳ ወረደ። እሱ ደገመና ቀዳ። የእህቴ ጣቶች ክንዴን ለቀቁት። ውሃው ሊጠራ ሲል ዓይኗን ሳትገልጥ ተናገረች፤ እሱ ያን ሁሉ ሳምንት ስልክ ላይ ሲለምነው የከረመው የድሮው ድምፅዋ ነበር።

«ሱታ፣ ቀስ በል እንጂ» አለችው ኦሮምኛውን ቀላቅላ። «ጆሮዬ ውስጥ ገባ።»

እሱም ጆሮዋን በመዳፉ ጋርዶ ማፍሰሱን ቀጠለ።