ሊማሊሞ ላይ እግሬን ያሳረፍኩበት ዳገት

ሁለት ሰው የሚነዳውን ሳይክል የገዛነው ካዛንቺስ ጎረቤታችን የነበረ ፈረንጅ ወደ አገሩ ሲመለስ ነው። ባለቤቴ ፊት ይቀመጣል፤ መሪውም ፍሬኑም የእሱ ነው። እኔ ከኋላ ጀርባውን እያየሁ እረግጣለሁ። ሁለታችንም የመንግሥት ሠራተኞች ስለነበርን የዓመት ፈቃዳችንን አንድ ላይ ወስደን ደሴ ድረስ ሄድንበት። ጣርማ በርን በወጣን ማግስት ጉልበቴ አብጦ ሱሪዬ አልወልቅ ብሎኝ ነበር።

በተመለስን ሳምንት ሠፈራችን ካለ ካፌ ጓደኞቹ ከበውት፣ "እሷማ ሻንጣ ናት፤ በቃ እኔ ነኝ ጎትቼ ያደረስኳት" አለ። ሳቁ። እኔም ሳቅሁ። ከዚያ ወዲያ ስሜ ሻንጣዋ ሆኖ ቀረ። ስታዲየም አካባቢ የሚያገኙኝ ጓደኞቹ ሁሉ፣ "ሻንጣዋ፣ ደህና ነሽ?" ይሉኛል። አንድ ቀን እንኳ ተዉ ብሏቸው አያውቅም። ዓመት ሙሉ ዝም አልኩ።

በሚቀጥለው ፈቃዳችን ከሽሬ ተነስተን ጎንደር ለመግባት ወጣን። ዛሪማን አልፈን የሊማሊሞን ዳገት ስንጀምር መርገጤን ተውኩ። የሁለታችን ፔዳል በሰንሰለት የተያያዘ ነው፤ እሱ ሲረግጥ የእኔም እግር አብሮ ይዞራል። ፊት ያለ ሰው አያውቅም።

ኮረኮንቹ ላይ ጎማው ይንሸራተታል። ሸሚዙ ጀርባው ላይ ተለጠፈ፤ የአንገቱ ሥር ተገተረ። አላዘንኩለትም። አምስተኛው መታጠፊያ ላይ ወርዶ ገደሉ ዳር አስመለሰው።

"አንቺ፣ እየረገጥሽ ነው?" አለኝ ትንፋሹ እየተቆራረጠ።

"ሻንጣ ይረግጣል እንዴ?"

ድንጋይ ላይ ተቀምጦ አፉን በእጅጌው ጠረገ። ከዚያ፣ "ይቅርታ" አለ።

"እዚህ ለእኔ ብቻ አይሆንም። እዚያው ካፌ፣ እነዚያው ሰዎች ፊት ትላታለህ።"

"እሺ።"

የቀረውን እስከ ደባርቅ እኩል ረገጥን።

ካዛንቺስ ስንመለስ ቃሉን ጠበቀ፤ ግን ማኪያቶው ላይ አቀርቅሮ፣ ድምፁን ውጦ ነው ያለው።

"በሩ ጋ ያሉት አልሰሙም። ድገመው" አልኩት።

ደገመው። የሚስቅ አልነበረም። አንጀቴ ቅቤ ጠጣ።

በዚያው ሰሞን መጣላታችንን የሰሙት የንስሐ አባቴ፣ "ልጄ፣ ከባልሽ ጋር ታረቃችሁ ወይ?" ብለው ጠየቁኝ። "አዎ አባቴ" አልኳቸው። እውነት ነው፣ ታርቀናል። በሠራሁት ተጸጽቼ እንደሆነ ግን አልጠየቁኝም፤ እኔም አልነገርኳቸውም።