መርፌው ጣቱ መሃል ነው

ፍራንክፈርት፣ ማይን ወንዝ ዳር ካሉት ሙዚየሞች በአንዱ፣ የድሮ ዓሣ አጥማጆች ፎቶ የተሰቀለበትን አዳራሽ የሚጠብቁት ሰው ስልሳን የተሻገሩ ናቸው። ጥቁሩ የሥራ ኮት ሰፍቷቸዋል፤ የቀኝ እጃቸው ጣቶች የሌለ ክር ሲቋጥሩ ይውላሉ። በስልክ አማርኛ ሳወራ ሰምተው ጠሩኝና፣ ሥዕል እንዲመስል ሆን ተብሎ እንዲደበዝዝ የተደረገ አንድ ፎቶ አሳዩኝ። መረብ የታቀፈ ሰውዬ ለባሕሩ ጀርባውን ሰጥቶ ቆሟል።

«አየሽ ልጄ፣ ጎብኚው ሁሉ ‹እንዴት ያለ ሰላም ነው!› ይለኛል። የምን ሰላም! መረቡ ተቀዷል፤ መጠገኛ መርፌው ይኸው ጣቱ መሃል ነው። ሰውን ከሥራው አስነስተው ገተሩት! ምጽዋ ላይ ዓሣ አጥማጁን አባቴንም ፎቶ አንሺዎች እንዲህ አድርገውታል። ያን ቀን መረቡ ተጠግኖ ሳይደርስለት ጀልባው ጥሎት ወጣ።»

ከፎቶው ሥር የተለጠፈው ጽሑፍ የፎቶ አንሺውን ስም፣ የተወለደበትን ዓመት፣ የወረቀቱን ዓይነት ሳይቀር ይዘረዝራል። ስለ ሰውዬው ግን «ዓሣ አጥማጅ» ከማለት በቀር ምንም የለውም።

«ስሙን ቢጠይቁት ምላሳቸው ይቆረጥ ነበር?» አሉ ጮክ ብለው።

ደረታቸው ላይ የተሰካውን ካርድ አየሁት። በጀርመንኛ «ጠባቂ» ይላል፤ ሌላ ምንም አልተጻፈበትም።