የተለሰነው ግድግዳ

ጽጌ እብናት ከተማ አንደኛ ክፍል ስታስተምር ዕድሜዋን የጨረሰችው በሰው ቤት ነው። አከራዮቿ ክፉዎች አልነበሩም፤ ግን መብራት የሚጠፋበትን ሰዓት፣ እንግዳ የሚገባበትን ቀን፣ ልብስ የሚሰጣበትን ገመድ የሚወስኑት እነሱ ነበሩ። አላገባችም፤ አልወለደችም። ጡረታ የወጣች ዕለት ተማሪዎቿ አበባ ሰጥተው ሸኟት። አበባውን ታቅፋ ወደተከራየችው ክፍል ስትገባ የምታስቀምጥበት ዕቃ አጣች። በማግስቱ ቤት ልግዛ አለች።

ወደ ደብረ ታቦር መጣች። ሀብታሙ የሚባል ደላላ መጀመሪያ የወሰዳት ከከተማው ዳር ወደተሠሩት አዳዲስ ባለግቢ ቤቶች ነበር። የብረት በር፣ አጥሩ ላይ የጠርሙስ ስባሪ፣ ዙሪያውን የጤፍ ማሳ። ጽጌ ግቢው መካከል ቆማ ጆሮዋን ሰጠች። የሚሰማው ነፋስ ብቻ ነው።

«እዚህ ሰው ቢታመም ማን ይሰማል?» አለች።

«ሞባይል አለ አይደል እንዴ፣ እትዬ!»

«ሌላ አሳየኝ።»

ሌላው ከገበያው በታች ባለው አሮጌ ሰፈር፣ በአንድ የቆርቆሮ ጣራ ስር ተደርድረው ግድግዳ ከሚጋሩት የጭቃ ቤቶች አንዱ ነበር። ጣራው ዝጓል፤ የበሩ ደፍ ከእግር ብዛት ጎድጉዷል። ሀብታሙ እያፈረ ነው ያሳያት።

«ግድግዳው የጋራ ነው። ጎረቤት ሲያስል ይሰማል፤ ሲጣላም ይሰማል። እኔ ልዋሽዎት አልፈልግም።»

«ሲስቁስ?»

«እሱማ ይብሳል!»

«እንግዲያው የምፈልገው ይኸን ነው» አለች ጽጌ። ሀብታሙ በድለላ ዘመኑ እንዲህ ያለ ገዢ ገጥሞት እንደማያውቅ ላገኘው ሰው ሁሉ አወራ።

ቤቱ የሟቿ የወይዘሮ ጥሩወርቅ ነበር። ልጃቸው ሞላ ኑሮው ባሕር ዳር ስለሆነ መሸጡ አልቀረም። በሰፈሩ ወግ ግን ከውጭ ሰው በፊት ግድግዳ ተጋሪው ይጠየቃል፤ እሱ አልፈልግም ሲል ነው ለሌላ የሚሸጠው። ግድግዳ ተጋሪዋ ወይዘሮ ሐሊማ ነበሩ፤ በረንዳቸው ላይ በእግር የሚረገጥ የስፌት መኪና ይዘው የሚውሉ ሴት። ሞላ ሲጠይቃቸው ከስፌታቸው ቀና ሳይሉ «ባዶ ቤት ምን ያደርግልኛል? ሰው ይግባበት» አሉት። ጽጌ ይህን ስትሰማ ለእሷ የተነገረ ያህል ደስ አላት።

የገባች ሰሞን ቤቱን ማደስ ጀመረች። የጥሩወርቅ አልጋ በነበረበት ቦታ፣ በትራስጌው በኩል፣ በጨርቅ የተወተፈ ቀዳዳ አገኘች። የአይጥ ነው ብላ አሰበች፤ እብናት ሳለች ከአይጥ ጋር ስትታገል ነው የኖረችው። እንዲህ ላለ ቀዳዳ ጨርቁ ንጹሕ መሆኑ ትንሽ ገርሟት ነበር፤ ግን ስባ አላወጣችውም። ጭቃ ከጭድ ጋር አቡክታ ደፈነችው፣ ለሰነችው፣ ሲደርቅም ኖራ ቀባችው። እጇን ኖራው አቃጠላት። ቢሆንም ወደኋላ ራቅ ብላ ስታየው፣ በሕይወቷ ማንንም ሳታስፈቅድ የነካችው የመጀመሪያው ግድግዳ ነበር።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ለመናገር ያስቸግራል፤ ምንም አልሆነምና። ጎረቤቶቿ ሰላም ይሏታል። «እንደምን አደሩ፣ መምህርት» ይሉና ጎንበስ ብለው ያልፋሉ። ማንም ክፉ አልተናገራትም፤ ማንም ደግሞ ቤቷ አልገባም። በረንዳ ላይ ተሰብስበው ሲስቁ ከውስጥ ሆና ትሰማለች። ሻሿን አስተካክላ ስትወጣ ሳቁ ይረግባል፤ አንቱ እያሉ ወንበር ይለቁላታል፤ እሷ ከተቀመጠች በኋላ ግን አጠገቧ የሚቀመጥ አይኖርም። ሰው ሰውን እስኪለምድ ነው እያለች ራሷን ታጽናናለች። ምሳዋን ስትበላ ሬዲዮ ትከፍታለች። ወሬውን አትከታተልም፤ ድምፁን ነው።

ክረምቱ ሲወጣ ከቤቶቹ ጫፍ የምትኖረው ሰላማዊት ወለደች። ከጤና ጣቢያ ይዘዋት ሲመለሱ ጽጌ ሰማች። ገንፎ ሲገነፋ ሰማች፤ ሴቶቹ ከበር በር ሲጠራሩም ሰማች። ነጭ ቀሚሷን ለበሰች። ከእብናት ካስመጣችው ቅቤ ለገንፎው የሚሆን በትንሽ ብልቃጥ ቀነሰች። አዲስ ገቢ ሳይጠሩት አራስ ቤት ዘው አይልም ብላ አልጋዋ ጫፍ ላይ ተቀምጣ ጠበቀች። እልልታው ቀለጠ፤ ሴት ልጅ መሆኗን በእልልታው ብዛት አወቀች። የእግር ኮቴ በደጇ አለፈ፣ ተመለሰ፣ ደግሞ አለፈ። ሲመሻሽ ቀሚሷን አውልቃ አጣጠፈች። ቅቤውን እራቷ ላይ ጨመረችው፤ አልጣማትም።

በሳምንቱ ሀብታሙ ዘንድ ደወለች።

«ቤቱን ብሸጠው ገዢ ይገኛል?»

«ምነው እትዬ፣ ሳቁ በዛብዎት?»

ስልኩን ዘጋችው።

ሰላማዊት ልጇን ክርስትና ካስነሳች በኋላ አንድ ቀን ቦኖው ዘንድ ተገናኙ። የሚወርደው ውሃ ቀጥኖ ስለነበር ሰልፉ አይንቀሳቀስም። ሰላማዊት ልጇን አዝላለች። ጽጌ እንደምንም ደፍራ «እንኳን ማርያም ማረችሽ። ዘገየሁ» አለቻት።

ሰላማዊት ቀና ብላ አየቻት። «አንድ ነገር ልጠይቅዎት፣ አይቀየሙኝ። ምን አድርገንዎት ነው የዘጉብን?»

«ምኑን ዘጋሁ?»

«ቀዳዳውን ነዋ! የእትዬ ሐሊማን!»

«የአይጡን ቀዳዳ?»

«የምን አይጥ?»

ሰላማዊት ጀሪካኗን በእግሯ እየገፋች ነገረቻት። ቀዳዳው ቤቶቹ ሲሠሩ ሆን ተብሎ የተተወ ነው። ክብሪት እንደልብ በማይገኝበት ዘመን ፍም በገል ተደርጎ ይተላለፍበት ነበር፤ ክብሪት ከበዛ ወዲህ ደግሞ ጨው፣ በርበሬ፣ ወሬ። ጥሩወርቅና ሐሊማ ሁለቱም ባሎቻቸው ከሞቱባቸው ጀምሮ ሲነጋ በእሱ ይጠራሩ ነበር። አንድ ጠዋት ሐሊማ ተጣሩ፤ መልስ አልመጣም። በኋላ ጨርቁን አጥበው የወተፉት ራሳቸው ሐሊማ ናቸው። የምትገባው ሰው ስትስበው ሰላም እንባባላለን ብለው ነበር የሚጠብቁት።

«እርስዎ ግን ለሰኑት» አለች ሰላማዊት ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። «ከሙስሊም ጋር አልጋራም ያሉ መሰለን።»

ጽጌ ውሃ ሳትቀዳ ተመለሰች።

ሐሊማ በረንዳቸው ላይ የተማሪ ዩኒፎርም እየሰፉ ነበር። ጽጌ በመንገዷ ብዙ ንግግር አዘጋጅታ ነበር፤ ከሁሉም የወጣላት አንድ ብቻ ሆነ።

«አይጥ መስሎኝ ነው፣ እትዬ ሐሊማ።»

የሐሊማ እግር መርገጡን አቆመ። «ማን ነው አይጥ?»

«ቀዳዳው። የአይጥ ቀዳዳ መስሎኝ ነው የደፈንኩት።»

«የአይጥ!» ሐሊማ መሳቅ ጀመሩ። «ጥሩወርቅ ይኸን በሰማሽ! ዕድሜያችንን ሙሉ አይጥ ሆነን ኖረን ሳናውቀው!» እስኪያነቡ ሳቁ፤ ኋላ ሳቁ ቆመና እንባው ብቻውን መውረዱን ቀጠለ።

«ዛሬውኑ እከፍተዋለሁ» አለች ጽጌ።

«ተይው።»

ሰፈሩ ከገባች ጀምሮ አንቺ ያላት ሰው አልነበረም።

«ሙስሊም ጠልቼ እንዳልሆነ—»

«ተይው አልኩሽ። ስትደፍኚው አንጀቴ አሮ ነበር፤ ለሰፈሩ ሁሉ ከስሼሻለሁ። ግን ልንገርሽ? ጨርቁ ብቻ በነበረ ጊዜ ጠዋት ስነቃ አፌ ወደዚያ ይሄድ ነበር። ጭቃው ከደረቀ ወዲህ ተወ። አሁን ብትከፍቺው የማትመልስልኝን መጥራት ልጀምር ነው። ያንቺን ድምፅ በዚያ በኩል መስማት አልችልም፤ አትቀየሚኝ።»

ጽጌ አልተቀየመችም። እብናት ሆና የተመኘችው የጎረቤት ቦታ እሷ ሳትመጣ የተያዘ ነበር። የያዘችውም ሟች ናት፤ ማስለቀቅ አይቻልም። ለመሄድ ዞረች።

«ወዴት ነው? መርፌውን አታዪም?» አሉ ሐሊማ። «ቁልፍ ትከዪልኝ፣ ዓይኔ ደክሟል።»

ተቀምጣ ተከለች። ሐሊማ አንዱን ሸሚዝ አንስተው አገላብጠው አዩት።

«አስተማሪ ሆነሽ እንዲህ ጠማማ ትተክያለሽ?»

«እኔ ልጆች ሲበጥሱት እንጂ ሲተከል አላየሁም።»

ሐሊማ በአፍንጫቸው ሳቁ። ከዚያ ወዲያ እስኪመሽ ብዙም አላወሩም።

በሚቀጥለው የውሃ ቀን ጽጌ ከሰልፉ መጨረሻ ቆመች። ሐሊማ ከፊት ሆነው አዩአትና መጥተው ጀሪካኗን ጎትተው ከራሳቸው ኋላ አስቆሙት።

«ይቺ ደግሞ ከየት ገባች? ሰልፍ አለ እኮ!» ብሎ ጮኸ ከኋላ አንድ ሰው።

«የግድግዳዬ ናት» አሉ ሐሊማ ዞር ሳይሉ።

ሰውየው አጉረመረመ። ጽጌ ፊቷ ጋለ፤ የምታየው ብታጣ መሬት መሬቱን አየች። ሐሊማ ቀድተው ሲጨርሱ አልጠበቋትም፤ ጀሪካናቸውን አዝለው ዳገቱን ያዙ። ጽጌ ቀጭኑ ውሃ ስር ጀሪካኗን አስተካክላ አስቀመጠችና፣ ጀርባቸው ከመታጠፊያው እስኪሰወር ድረስ ቆማ አየቻቸው።