ያቺን ቢላ ያቀበልኩት እኔ ነኝ

ጋሼ ማዳልቾ አርፈዋል። ባለፈው ማክሰኞ ጠዋት ከቄራ ሲመለሱ «ደከመኝ» ብለው ሥጋ ቤታቸው በር ላይ ካለችው ወንበር ተቀመጡ፤ ከዚያች ወንበር በሕይወት አልተነሡም። ሶዶ መናኸሪያ አጠገብ ቁርጥ የበላ ሰው ሁሉ የሚያውቃቸው ስለሆነ ቀብራቸው ላይ መቆሚያ ጠፍቶ ነበር።

የሕይወት ታሪካቸው ሲነበብ «ሥጋ ሲገነጥሉ ቢላ አምልጧቸው ቀኝ እጃቸው ተጎዳ» ተባለ። ለቀስተኛው አንገቱን ነቀነቀ። እኔም አብሬ ነቀነቅኩ፤ አሥራ አንድ ዓመት ለምጄዋለሁና። ነገር ግን ውሸት ነው። ጋሼ ማዳልቾን ቢላ አምልጧቸው አያውቅም። «እኔ በሕይወት እያለሁ ይህ ነገር ከአፍሽ እንዳይወጣ» ብለውኝ ነበርና ቃሌን ጠብቄያለሁ። ለምታውቋቸው ሁሉ እውነቱን የምጽፈው ዛሬ ነው።

አሥራ ስድስት ዓመቴ ነበር። ከአሥረኛ ክፍል አቋርጬ፣ ከትውልድ ከተማዬ ከተበላ በሚኒባስ ሶዶ ገብቼ፣ አክስቴ ቤት ተጠግቼ ሥራ እፈልግ ነበር። በየሱቁ፣ በየምግብ ቤቱ ገብቼ እጠይቃለሁ። መልሱ አንድ ነው፦ «ዋስ አለሽ?» ከአባቷ ቤት ለሸሸች ልጅ ማን ዋስ ይሆናል?

ጋሼ ማዳልቾ ሥጋ ቤት ስገባ የበሬ ጭን በፋስ እየፈለጡ ነበር። እስከ ክርናቸው ደም ነው። ሲቸኩሉ ሴቱንም ወንዱንም «አንተ» ይሉ ነበርና ዘወር እንኳን ሳይሉ፣

«ዋስ አለህ?» አሉኝ።

«የለኝም። ከቤት ወጥቼ ነው የመጣሁት።»

«ከቤት ለምን ወጣሽ?»

«አባቴ እናቴን ይደበድባል።»

«ሲደበድብ አንቺ ምን ታደርጊያለሽ?»

ይህንን ጠይቆኝ የሚያውቅ ሰው አልነበረም። «መጀመሪያ መጥረቢያውን እደብቃለሁ፤ ከዚያ እጮሃለሁ» አልኩ።

ፋሱ አየር ላይ ቆመ። ያን ጊዜ ዞረው አዩኝ። «ሽርጡ ምስማሩ ላይ ነው፤ ልበሺው» አሉ።

ለምን እንደቀጠሩኝ የገባኝ በሳምንቱ ነው። በእኛ ቤት ለእያንዳንዱ በላተኛ ከሥጋውና ከሚያቃጥለው የቃሪያ ማባያ ከዳጣው ጋር የተሳለ ቢላ ይሰጠዋል። ስለዚህ ጠብ ሲነሣ ሁሉም የታጠቀ ነው። በዚያው ሳምንት ሁለት ወንድማማቾች በመሬት ድንበር ተጣልተው ታናሽየው በጠርሙስ የታላቁን አፍ መታው፤ ጥርሱን ከትሪው ላይ የለቀምኩት እኔ ነኝ። ጋሼ ሁለቱንም በአንገታቸው ይዘው ከግድግዳ ጋር አጋጯቸውና ወደ እኔ ዞሩ። «አንቺ ሰው አትገላግይ። መጀመሪያ ቢላውን ሰብስቢ፤ ሰውየውን ለእኔ ተዪው» አሉኝ። ድምፅ ከፍ ካለ ሮጬ ከየትሪው ቢላ መሰብሰብ ሥራዬ ሆነ። ሌላም ሕግ ነበራቸው። ተናድዶ ወይም ሰክሮ ለመጣ ሰው ቢላ አይሰጠውም፤ ሥጋው ጓዳ ውስጥ ተቆራርጦ ይቀርብለታል።

አንድ ቀን ቢላ እየሳሉ ምክንያቱን ነገሩኝ። በወጣትነታቸው በቅርጫ ክፍፍል ተጣልተው ጓደኛቸውን ወግተው ገድለዋል፤ ታስረውም ወጥተዋል። «ለአንድ መደብ ሥጋ ነው» አሉኝ። «ነጭ ሸሚዝ ለብሶ ነበር። እናቱ የገዛችለት ነው።» ለእኚያ እናት በየጊፋታው፣ በወላይታ ዘመን መለወጫ፣ ምርጡን ሥጋ ይልኩ ነበር። በመጀመሪያው ዓመት እናትየው ለውሻ ጣሉት፤ ጋሼ በዓመቱ ደግመው ላኩ። በእኔ ጊዜ አድራሿ እኔ ነበርኩ፤ አሮጊቷ ተቀብለውኝ በሩን ይዘጉ ነበር።

አባቴ የመጣው የጊፋታ ሰሞን፣ በእኩለ ቀን ነው። ቤቱ ሞልቷል። ጋሼ ጓዳ ናቸው። አባቴ ልብሱ ንጹሕ ነው፤ ዓይኑ ግን ቀልቷል፤ አረቄ አረቄ ይሸታል። እኔ ሞኟ፣ ጊፋታ የተጣላ የሚታረቅበት ስለሆነ ሊታረቀኝ የመጣ መሰለኝ። ሕጉን ረስቼው አይደለም። ግን ጥርሱ እንዳለቀ ሽማግሌ፣ ለአባቴ በዚያ ሁሉ ሰው ፊት የተቆራረጠ ሥጋ ማቅረብ አሳፈረኝ። ሥጋውን ከዳጣ ጋር አቀረብኩ፤ ቢላውንም እጀታውን ወደ እሱ አዙሬ፣ አንገቴን ሰበር አድርጌ በሁለት እጄ ሰጠሁት።

አንድ ጊዜ ቆርጦ ጎረሰና በወላይትኛ፣ «ልጅህ ለሰካራም ቢላ ታቀብላለች ተብዬ በተበላ ገበያ ተሰደብኩ። ተነሺ፣ ወደ ቤት» አለኝ።

«አልሄድም አባዬ። ሥራ ላይ ነኝ።»

ፀጉሬን ይዞ ፊቴን ከጠረጴዛው ጠርዝ ጋር አላተመው። አፌ በደም ሞላ። ቀና ስል ቢላው ከራሴ በላይ ነበር። ከየት መጡ ሳልል ጋሼ ማዳልቾ መሀል ገቡ። የአባቴን ክንድ ለመያዝ ጊዜ ስላልነበራቸው የያዙት ስለቱን ነው። አባቴ ጎተተው። በየቀኑ ጅማት ሲቆረጥ የምሰማውን ድምፅ ሰማሁ። ጋሼ ግን አልለቀቁም። በግራ ቡጢያቸው አፍንጫው እስኪሰበር ደጋግመው መቱትና መሬት ላይ ጥለው በጉልበታቸው ደረቱን ያዙት። ከዚያ ሳይጮሁ፣ «ቢላውን ማን ሰጠው?» አሉ።

«እኔ።»

ትክ ብለው አዩኝ።

ፖሊስ ሲመጣ ጋሼ ደሙ በሽርጣቸው እየወረደ «ሽንጥ ስገነጥል አመለጠኝ» አሉ።

«ይሄ ሰውዬስ?»

«ወለሉ ቅባት ነው። አዳልጦት ወደቀ።»

በላተኛው ሁሉ ወደ ትሪው አቀረቀረ። ከዚያ ቀን በኋላ የጋሼ ሦስት ጣቶች አልታጠፉም።

በማግስቱ ሽርጡን ምስማሩ ላይ ሰቅዬ ሥራውን ትቼ ልወጣ ስል ጠሩኝ። «አባትሽ ቢታሰር፣ ሲፈታ የሚገባው እናትሽ ጋ ነው። እኔ ከእስር የወጣሁ ቀን እንዴት ተናድጄ እንደነበር አውቃለሁ» አሉ። ቀጥለውም፣ «ነገ በጊዜ ግቢ። ግራ እጄ እስኪለምድ ሥጋውን የምትቆርጪው አንቺ ነሽ» አሉኝ። ትክክል አድርገው ይሁን አይሁን ዛሬም አላውቅም። እናቴ ከዚያም በኋላ ተመትታለች፤ በዚህ ጋሼን ተቀይሜያቸዋለሁ። ሙያ የያዝኩት ግን በዚያች ቃል ነው። የእሳቸው ግራ እጅ ሲለምድ የእኔ ቀኝ እጅ ቀድሞ ለምዶ ነበር።

ይህንን ከመጻፌ በፊት አባቴን ጠየቅሁት። ዛሬ አርጅቷል፤ አረቄም ትቷል። «ጻፊው። ሽንጥ አይደለም፣ እኔ ነኝ በያቸው» አለኝ።

ጋሼ፣ እርስዎ በተቀበሩ በሦስተኛው ቀን ቤቱን ከፈትኩ። የመጀመሪያው በላተኛ አባቴ ነበር። ከተበላ ድረስ መጥቶ እዚያችው ጠረጴዛ ላይ ተቀመጠ፤ ቤቱም ወዲያው ሞላ። ሥጋውን አቀረብኩለት፤ ቢላ አንሥቼ ግን እጄ ቆመ። አልሰከረም፣ አልተናደደም፤ እንደ ሕጋችን ይገባዋል። እርስዎን ልጠይቅ ወደ ጓዳ ዞርኩ፤ የሉም። አባቴ እጄን አይቶ፣ «ቆራርጪልኝ» አለኝ፤ በዚያ ሁሉ ሰው ፊት።

ቆራረጥኩለት ጋሼ። በእጁ እየጎረሰ አለቀሰ፤ እኔም አለቀስኩ። ሲጨርስ ቢላውን አጥቤ ከኋላዬ ሰቀልኩት። እጅዎን ያሳርፉት፤ ቢላዎቹን ሰብስቤያለሁ።